የአባትሽ ቃል

ይድረስ ለልጄ ለጂቱ፤

መውጣት መግባትሽን ጌታ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ሙቀቱ ሲመጣ ተሻለው።

እዚያ አገር ፖሊስ ሳትሆኚ ፖሊስ የበደላቸውን ሰዎች አቤቱታ የምትመረምሪ ኃላፊ መሆንሽ ከተሰማ ወዲህ በራችን ከሰው እግር አላረፈም። እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የመጣው ሁሉ ማመልከቻ ይዞ ነው። «የእሷ ሥልጣን እዚህ አይደርስም» ብል ማን ሰምቶኝ! አንቺ ግን ብቻሽን አታምሺ፤ ፖሊስ ቂም ይይዛል።

ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት የምታመጣልን ጉዲቱ ከዓለም ጤና ከተማ መጣች። አንድ ፖሊስ ገበያ ላይ በጥፊ መትቷት አንድ ጆሮዋ አልሰማ ብሏታል። አባትሽ ጡረታ ቢወጣም ፖሊስነቱ መች ለቀቀው! መነጽሩን አድርጎ ቃሏን ተቀበለ፤ አንብቦላትም አስፈረማት። ማክሰኞ አብሯት ሄዶ አቤቱታዋን ያስገባል።

እሷን ከሸኘ በኋላ ግን ደብተሩን አልዘጋም። አዲስ ገጽ ገልጦ የራሱን ስም ጻፈ። ቆቃ ተመድቦ ሳለ አንድ ዓሣ አጥማጅን «ሌባ ነህ፣ እመን» ብሎ ደብድቦት ነበር፤ ሰውየው በኋላ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አልነገረኝም። «ጂቱ ትስማው» አለኝ፤ ስልክሽ ሲጮኽ ግን ወደ ጓሮ ይወጣል።

እባክሽ እሁድ ከቸርች ስንመለስ ደውዪለት። አጽናኚው አልልሽም። እንደ ሥራሽ ቃሉን አስጨርሺው፤ የሰውየውንም ስም ጠይቂው። አባትሽ ስሙን አልረሳውም።

ጌታ ጆሮሽን ይባርክልኝ።

እናትሽ አበበች