ከበሮው የሚሰማበት ስድስት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ስልኩን ዘግተው እንደገና ደወሉ። አያ አለኸኝ ሁለት ጊዜ የሚደውሉ ሰው አይደሉም።

መጀመሪያ የደወልኩት እኔ ነኝ፣ ለማብሰር። ጠዋት ዶክተር ምንተስኖት ከእንጅባራ ደውሎ ፊልሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በምርምር ጉባኤው ላይ እንደሚታይ አረጋገጠልኝ። ከጉባኤው አዘጋጆች አንዱ ነው። «የቀበሌውን ሽማግሌዎችም በአውቶቡስ እናመጣለን፤ ፊት ወንበር ይቀመጣሉ» አለ። ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ዳንግላ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ስቀርጽ ፊት ወንበር የሚቀመጡልኝ ሚዜዎች ብቻ ነበሩ።

ዜናውን ለአያ አለኸኝ ነገርኳቸው። ፊልሙ የሳቸው ነው። ከዘንገና ሐይቅ ባሻገር ባለው ማሳቸው ዲከረንስ ዛፍ ሲቆርጡ፣ እንጨቱን ሲከምሩ፣ በአፈር ሸፍነው ሲያከስሉ ነው ሠላሳ ስምንት ደቂቃ የሚታዩት። «እሰይ» ብለው ዘጉ።

በሁለተኛው ጥሪ ድምፃቸው ወርዷል።

«ያቺ የግንቦቷ ቀን አለችበት?»

«የቷ?»

«ክምሩን የከፈትንባት። ከበሮ የሚሰማባት።»

አለችበት እንጂ፣ አልኩ። ስድስት ደቂቃ ናት፤ ከፊልሙ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። ከሩቅ ይመጣ የነበረውን ከበሮ እንዲያውም ከፍ አድርጌዋለሁ።

«ሚካኤል ነበር እኮ» አሉ።

ጴንጤ ነኝ። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገበሬው ሞፈር እንደማይነካ አውቃለሁ። የሰፈራቸው ታቦት ሚካኤል እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ቀን አልቆጥርም። በዚያ ሳምንት ሠርግ ተደራርቦብኝ ነበር፤ ክፍት የነበረችኝ ያቺ ቀን ብቻ ናት። «ዛሬ ይክፈቱልኝ» አልኳቸው፣ ከፈቱልኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ስቱዲዮውን ሳልከፍት ቁጭ ብዬ መንገዶቼን ጻፍኩ።

አንድ። ስድስቱን ደቂቃ ማውጣት። እንጨት ይከመራል፣ ጭስ ይወጣል፣ ከሰሉ ሳይታይ ፊልሙ ያልቃል። ሙሽራ የሌለችበት ሠርግ።

ሁለት። ከበሮውን ማጥፋት።

ሦስት። እንዳለ ማሳየት። አያ አለኸኝ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ማኅበሩን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ፊት ወንበር የሚቀመጡት ደግሞ የማኅበሩ ሰዎች። ቀኑን ሽረው ሲሠሩ ያዩዋቸዋል፣ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እየተመታ። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ማን ይሰማቸዋል?

ሁለተኛውን ሞከርኩ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከበሮውን አውጥቼ ሌላ ቀን ከዛፎቹ መሀል የቀረጽኩትን ነፋስ አለበስኩት። እንከን የለውም። የሰከረ አጎት ከሠርግ አውጥቼ አውቃለሁ። አማቶች ሲነካከሱ ዘፈን ደርቤባቸው አውቃለሁ። እስካሁን የነቃብኝ የለም።

ለዶክተር ምንተስኖት ደወልኩ። ስም ሳልጠራ፣ የአንድ ትዕይንት ድምፅ ብቀይር ችግር አለው ወይ አልኩት።

«ቀይረው ከሆነ ከማሳየታችን በፊት ለታዳሚው ይነገራል። ካልተነገረ አይታይም። ጥናታዊ ፊልም ብለን ነው የተቀበልነው» አለ።

ከተነገረ «ለምን ቀየርሽው» ይመጣል። ያው ነው።

በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትክክል ነው። ይኼ የበለጠ አናደደኝ።

ነገ ሄጄ ራሳቸውን እጠይቃቸዋለሁ። መጀመሪያም መሆን የነበረበት ይኼ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

በጠዋቱ ሚኒባስ እንጅባራ፣ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስኪያልቅ፣ ቀሪውን በእግር። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ።

አያ አለኸኝ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩ ጋር ደጅ ላይ ዘር ድንች ይለያሉ። ፈገግ አላሉም፣ አላባረሩኝምም። ነፋሱ ያለበትን አሳየኋቸው። አጎንብሰው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይኼ ነፋስ የት ነበር?» አሉ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት። ከበሮው እንዳይሰማ።»

«እንዲህ ነፍሶ ቢሆን ኖሮ ክምሩን ማን ይከፍተዋል? እሳቱ ተነስቶ አመድ ያደርገዋል። ከሰል የሚያከስል ሰው ይኼን ሲያይ ይስቅብኛል።»

እትዬ ጥሩ ድንቿን ጣል አድርገው፣ «ቀን ሻሪ ከምትባልና ጅል ከምትባል የቱ ይሻልሃል?» አሏቸው።

የሙያ ኩራቴ እዚያው አለቀ።

ከዚያ አያ አለኸኝ የማላውቀውን ነገሩኝ። ክምሩን በከፈትን በሁለተኛው ቀን በረዶ ወርዶ የሰፈሩን ድንች ደብድቦታል። ማኅበሩ ተሰብስቦ «ቀኑን የሻረ ማነው?» ተባለ። የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሙሴ ናቸዋ፣ መጠየቅ ነበረባቸው። ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ እሳቸውም ዝም አሉ።

«የንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ ስግደቱን ጨርሻለሁ። ማኅበሩ ግን አያውቅም» አሉ።

«ያኔ ‹ዛሬ አይሆንም› ቢሉኝ ምን ነበር?»

«ካሜራውን አቁመሽ ጨርሰሽ ነበራ።»

ትዕይንቱን ላውጣው፣ አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። ለአንድ ፊልም ብዬ ሰው አላዋርድም። የመለሱት እትዬ ጥሩ ናቸው።

«አውጥታው ዶክተሮቹ ‹ከሰሉስ የታለ› ቢሉ ደግሞ ልትዋሽ ነው። ቅዳሜ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከሚያውቁብህ ዛሬ ለማኅበሩ አምስት ሽማግሌዎች ንገራቸው። ተነስ።»

ተነሱ።

ከቀትር በኋላ አምስቱም መጡ፤ ከነሱ አንዱ የሆኑት ቄስ ይግዛው መሀል ላይ ተቀመጡ። አያ አለኸኝ ቆመው በአውኚ ተናገሩ። እናቴ ከጫግኒ በኩል ስለሆነች አውኚ እሰማለሁ፤ ሳወራው ይስቁብኛል እንጂ። አላሳመሩትም፣ በኔም አላሳበቡም። «ክምር ከፍቼ ነበር። ስጠይቃችሁ የምጠይቀው ራሴን ነበር» አሉ። ቀጥዬ ስድስቱን ደቂቃ ከነከበሮው ከፈትኩላቸው።

አይተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የተናገሩት በዕድሜ የገፉት ናቸው። «ለካ በረዶውን አንተ ነህ የጠራኸው። እኔ ግማሽ ዓመት ሙሉ የጎረቤቴን ልጅ ስረግም።»

ሌላው ደግሞ፣ «ከሰሉስ ጥሩ ወጥቶ ነበር» አሉ። ሳቅ ሆነ። አያ አለኸኝ አልሳቁም።

ቄስ ይግዛው ፍርዱን በአማርኛ ነገሩኝ፣ እንዳልስት። የአያ አለኸኝን ጉዳይ እሑድ ማኅበሩ ይወስናል። ቅዳሜ ሁሉም ይሄዳሉ፤ ፊልሙ እንዳለ ይታይ። አሁን ካወቁት በኋላ መደበቁ ለማን ነው?

«እሷስ?» አሉ አዛውንቱ በአገጫቸው እያሳዩኝ። «ያሻረችው እሷ ናት።»

«የኛ አይደለችም፤ ስገጂ አንላትም» አሉ ቄሱ። አሰብ አደረጉ። «ድንጋይ ማንሳት ግን ሃይማኖት አይጠይቅም። የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በክረምቱ ፈርሷል። ሰኞ፣ ቀኑን ሙሉ።»

መከራከር እችል ነበር። ግን ፍርዱ ልክ ነው። «በስንት ሰዓት ልምጣ?» አልኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

የጉባኤው የመጀመሪያ ቀን። የኔ ነገ ነው፤ ዛሬ አዳራሹን ለመፈተሽ።

የታየ፦
መስኮቶቹ መጋረጃ የላቸውም። ከሰዓት ፀሐይ ሸራው ላይ ነው የምታርፈው።
ድምፅ ማጉያው ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋል። ከበሮ ወፍራም ድምፅ ነው።
አቅራቢዎች አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ ሠላሳ ይናገራሉ።

የተደረገ፦
ከስቱዲዮዬ ሁለቱን ጥቁር ጨርቆች አስመጣሁ። ስንት ሙሽራ ፎቶ የተነሳበት ጨርቅ ዛሬ መስኮት ላይ ወጣ። ለሠርግ የምይዛቸውን የራሴን ድምፅ ማጉያዎችም። ለሦስተኛው ዶክተር ምንተስኖት ሰዓት ሊያስከብር ቃል ገብቷል፤ መድረኩን ራሱ ይመራል።

የሐሙሱን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶ፣ «ይኼን አቅርበው ቢናገሩት ራሱ አንድ ጥናት ይወጣዋል» አለኝ። ጥናት አላቀርብም፣ ፊልም አሳያለሁ፣ አልኩት።

ከበሮውን ሞከርኩት። ከኋላ ወንበር ጥርት ብሎ ይሰማል። አዳራሹ ለኔ ዝግጁ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ታየ።

አውቶቡሱ ዘግይቶ ምሳ ላይ ደረሰ። ጾም ስለሆነ በያይነቱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በልተው ፊት ወንበሩን ያዙ። አያ አለኸኝ መሀል ሊቀመጡ ሲሉ አዛውንቱ በክርናቸው ገፋ አድርገው ዳር አስቀመጧቸው። ቀልድ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

መብራት አልጠፋም። ጨርቆቹ ያዙ። አያ አለኸኝ ዛፍ ሲቆርጡ ሽማግሌዎቹ የመጥረቢያውን አያያዝ ይተቻሉ፣ ጮክ ብለው። ከኋላ ያሉ ምሁራን «እሽሽ!» አሉ። ማን ሰምቷቸው።

ከዚያ ክምሩ። ከበሮው ገባ። ፊት ወንበሩ በአንዴ ጸጥ አለ። የማየው ሸራውን ሳይሆን የነሱን ማጅራት ነበር። አያ አለኸኝ በፊልሙ ውስጥ አፈሩን ገልጠው የመጀመሪያውን ከሰል አንስተው ያንኳኩታል፤ እንደ ሸክላ ይጮኻል። ወንበሩ ላይ ያሉት አያ አለኸኝ መሬት መሬት ያያሉ። ቄስ ይግዛው እጃቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጓቸው። ቀና አሉ። ቀሪውን አዩት።

ጭብጨባ ሆነ። ጥያቄ ተከተለ። አንድ መነጽር ያደረገ መምህር ተነስቶ፣ ከበሮው የበዓል ቀን መሆኑን እንደሚያመለክት አስረዳን። ቀጥሎ፣ «በበዓል ቀን መሥራት መጀመሩ የገበያ ኢኮኖሚው ባህሉን እየለወጠው መሆኑን ያሳያል ማለት ይቻላል?» አለ። እኔን ነበር የጠየቀው። ማይኩን ለአያ አለኸኝ ሰጠሁ።

ቆሙ። ማይኩን እንደ ጧፍ ነው የያዙት።

«ምንም የተለወጠ የለም» አሉ። «እንግዳ መጣች፣ አፈርኩ፣ ከፈትኩ። ጥፋት ነው። ጥፋት መሆኑን እነዚህ ያውቃሉ፣ ይኸው መጥተዋል። ባህሉ ቢለወጥማ ማን ይቆጣኝ ነበር?»

ተቀመጡ። አዳራሹ አጨበጨበ። መነጽር ያደረገው መምህር ይጽፋል። ጥያቄውን እየሰረዘ ይሁን መልሱን እየጻፈ፣ እንጃ።

ዶክተር ምንተስኖት ሲሸኘኝ በሌሎች ጉባኤዎችም እንዲታይ እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ። ይጻፍ። ፊልሙ ይችላል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ጠዋት አምልኮ። መጋቢያችን ስለ ፊልሙ ጠየቀኝ። ሁሉን ነገርኩት፣ ከድንጋዩ በቀር። እስቲ መጀመሪያ ልሸከመው።

ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ማኅበሩ ይቀመጣል። ስልኬን ቀኑን ሙሉ ከእጄ አልለየሁትም። ደውዬ አልጠይቅም ብያለሁ፣ አልደወልኩምም። አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ። ከኋላቸው ጫጫታ አለ።

«እስከ ፋሲካ ሙሴነቱ ቀርቶብኛል» አሉ። «ቀጂ አድርገውኛል። ለአምስቱም ስቀዳ ዋልኩ።»

«አዝነዋል?»

«ቀጂ መሆን ክፉ አይደለም። ማን ስንት እንደሚጠጣ አወቅሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከማኅበሩ ያስወጡኛል ብዬ ነበር» አሉ።

እኔም ይኼን ነበር የፈራሁት፤ ጮክ ብዬ ለራሴ እንኳ አላልኩትም።

«ነገ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«ካሜራሽንም ይዘሽ ነይ።»

«ልሠራ ነው የምመጣው፣ አልቀርጽም።»

«አንቺ ማን ቅረጪ አለሽ? የቱን ቁልፍ እንደምጫን አሳዪኝ፤ እኔ እቀርጽሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል። አዛውንቱማ እሷም ፊት ለፊት ትታይ ብለዋል።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ባትሪው ተሰክቷል። ሃያ ዓመት ከካሜራው ኋላ ነው የቆምኩት። ድንጋይ ተሸክሜ ምን እንደምመስል አላውቅም።