የጓሮው ክፍል ነዋሪ

ለውድ ወንድሜ፣ ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ እጃችን ቀለም በቀለም ከመሆኑ በቀር ደህና ነን።

ቤቱን ገዛን! ሻጩ፣ ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነበር። ልንፈራረም ስንል ልጅቷ ለሥራ ባሕር ማዶ ተዛወረች።

"ታዲያ እኔ የት ልግባ? ውሉ ይቅር" አሉ።

እኛ ደግሞ የኪራዩን ቤት ለቅቀን ዕቃ ጭነናል! እማዬ ሳቀችና፣ "ቤቱን ይሽጡልን፤ እርስዎ ግን የትም አይሄዱም" አለቻቸው።

አሁን ላንተ ባሰብነው የጓሮ ክፍል ይኖራሉ። ጨዋታቸው አይጠገብም፤ እማዬን በካርታ እያሸነፉ ያበሽቋታል። እሷም፣ "ልጄ ሲመጣ ክፍሉን ያስረክባሉ!" ትላቸዋለች።

"መቼ ነው የሚመጣው?" ሲሏት ወደ እኔ ትዞራለች። እኔም "ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው" እላለሁ። ፖስተኛው ግን ገና ከሩቅ ሲያየኝ "የለም" በሚል ራሱን ይነቀንቃል።

አዲሱን አድራሻ ፖስታው ላይ በትልቁ ጽፌልሃለሁ። በደህና ያገናኘን።

እህትህ