ሠላሳ አንደኛዋ ፍሎፒ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ሐኪሙ የሰጠህን ቅባት ትቀባለህ ወይስ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠኸው እየተሻለኝ ነው ትለኛለህ? ያ ሽማግሌ ኮምፒውተርህስ እያሳለም ቢሆን ይነሳል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ወደ ታች ስትወርድ ሆስፒታል የሚል ቃል ስታገኝ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

አማችህ ጊጋ ሰላም በይልኝ ብሏል። ስሙን ካወጣህለት ወዲህ የፋርማሲ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ ጊጋ ነው የሚሉት። መጀመሪያ ቤት ይዤው የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ስልኩን ተቀብለህ አገላብጠህ አየኸውና ስንት ይይዛል አልከው። ስልሳ አራት ጊጋ ሲልህ ዓይንህን ጨፍነህ ትንሽ አሰብክና፣ "ከአርባ ሺህ በላይ ፍሎፒ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ትዞራለህ ማለት ነው። ምን ሞላህበት?" አልከው። ምስኪን፣ ላቡ እየወረደ የእሷን ፎቶ ብሎ መለሰልህ። ያን ቀን የሳቅከው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ዕድሜህን ሙሉ የኮምፒውተር ማሽን ክፍል ኃላፊ ሆነህ ኖረህ፣ ማንኛውንም ነገር በፍሎፒ፣ በዚያች ጠፍጣፋ የድሮ ኮምፒውተር ዲስክ፣ ካልመነዘርከው ሆድህ አይገባም። ካሴቱንም፣ ሲዲውንም፣ አዲሱንም ፍላሽ። እኔንም እንደዚያው አሳደግኸኝ። የክፍል ጓደኞቼ ኪሎ አንድ ሺህ ነው ሲሉ እኔ የለም፣ በኮምፒውተር አቆጣጠር አንድ ሺህ ሃያ አራት ነው ብዬ ስከራከር ስንቱ ሳቀብኝ መሰለህ።

አሁን ግን ልቆጣህ ነው። ሦስት ጊዜ እመጣለሁ ብለህ ሦስት ጊዜ ቀርተሃል። እማዬ ካረፈች ወዲህ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አልልም አልክ። ባለፈው ስደውልልህ ደግሞ፣ "እኔ እኮ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ነኝ፤ እናንተ ቤት መጥቼ ምን እሠራለሁ?" አልከኝ። አንጀቴን በላኸው። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። ይህ ካርቶን የመጣልህ እንግዲህ ከንዴቴ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ሠላሳ ፍሎፒ አለ። ሁሉም ላይ በእጄ ቁጥር ጽፌበታለሁ። የያዙት አንድ ፊልም ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ስመረመር ጊጋ የምርመራውን ስክሪን በስልኩ የቀረጸው። የግድግዳ ስልክህ ፊልም አይቀበልም፣ ኮምፒውተርህም ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ ጊጋ ያንተ ማሽን እንዲያነበው አድርጎ አሳነሰውና አርባ ሦስት ሜጋ ላይ አደረሰው። ያንን ፍሎፒው ላይ ለተጻፈው አንድ ነጥብ አርባ አራት ሜጋ አካፈለና ሠላሳ ፍሎፒ ይበቃል ብሎ ፈረደ። አሮጌ ዕቃ የሚጠግነው ሰውዬ ጋ ሄደን ስንጠይቅ ሙዚየም ልትከፍቱ ነው ወይ አለን። አቧራውን እያራገፈ ሠላሳ ቆጠረልንና አንድ ምራቂ ጨመረበት።

እኔ ግን እንደማይበቃው ቀድሞ ገብቶኝ ነበር። ፍሎፒ ላይ የተጻፈው ቁጥር የደላላ ቁጥር ነው ትለኝ አልነበር? ሺውንና ሺህ ሃያ አራቱን አደባልቀው ያወጡት ቁጥር ነው፤ በዚያ ላይ ፍሎፒው ለራሱ ማውጫ ትንሽ ይቆርጣል። ጊጋ ቅዳሜን ሙሉ ሲገለብጥ ዋለ። ሠላሳኛው ሞላ፣ ፊልሙ ግን አላለቀም። እንዴት ነው ነገሩ እያለ ሲያካፍል ሲደምር እኔ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። የተረፈው ቁራጭ ምራቂዋ ላይ ገባ።

ያቺ ሠላሳ አንደኛዋ ካርቶኑ ውስጥ የለችም፣ አትድከም። እኔ ጋ፣ ልብስ ሣጥኔ ውስጥ ናት። አንዷ ከጎደለች ሌሎቹ እንደማይከፈቱ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በፖስታ አልልካትም። ከፈለግህ መጥተህ ትወስዳታለህ። ጊጋ አባባ ይቀየሙሻል ብሎኛል። ተቀየመኝ፣ ግን እዚህ መጥተህ ተቀየመኝ።

ፊልሙ የምን እንደሆነ ስሙን አልጠራልህም። ሁለት ጊዜ ቀድመን አውርተን ሁለት ጊዜ አብረን አልቅሰናል። የሠራኸውን ትንሽ አልጋ አንሶላ አልብሰህ እማዬ ክፍል እንዳቆምከው አውቃለሁ፤ ስለሱ አፍ አውጥቼ ጠይቄህ አላውቅም። በዚህኛው ግን አምስተኛው ወር አልፏል፣ ሁሉም እንደሚገባው ነው ብላናለች ሐኪሟ። ለጊዜው ይህ ይበቃሃል።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ የሐኪሟ ድምፅ አለ። ጣቷን ከስክሪኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ትወስድና አንድ ቃል ትናገራለች። እዚያ ላይ ምስሉ የሚንቀጠቀጠው ስልኩ ከጊጋ እጅ ሊያመልጥ ስለነበር ነው። እኔ ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ትዝ ያለኝ የማሽን ክፍላችሁ በር ላይ ለጥፈኸው የነበረው ማስታወቂያ ነው፤ "ማንኛውም ነገር በሁለት ኮፒ ይቀመጥ" የሚለው። ሐኪሟ ምን ያስቅሻል ብትለኝ አባቴን ብታውቂው ይገባሽ ነበር አልኳት።

አባዬ፣ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ አይደለህም። በጣም ነው የምታስፈልገኝ። ኪሎ አንድ ሺህ ሃያ አራት ነው ብሎ የሚያስተምር ሌላ ሰው ከየት እናመጣለን?

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትህን ያበርታልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። በሩን ከፍቼ አንገትህ ላይ ለመጠምጠም ያብቃኝ።

ዓይኗ መንገድ መንገዱን የሚያየው
ልጅህ

ረስቼው፦ ስትመጣ ትንሹን አልጋ ይዘህ ና። መጋዝህንና መዶሻህንም አትተው፤ አንድ አልጋ አይበቃንም።