ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ

ጥር 6

ዛሬም ሰማይ ሳላይ ዋልኩ። ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ "ኮከብ ነው የማጠናው" ስለው ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል። እኔ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንገቴን ደፍቼ ነው የምውለው። የተሰነጠቀ መስኮት፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ እግሩ ያጠረ ወንበር... ቴሌስኮፑ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ተራራ ላይ ብቻውን ይሠራል። ያነሳቸውን ምስሎች ጠዋት ሰርቨራችን ላይ አገኛቸዋለሁ። የእኔ ሶፍትዌር ያበጥራቸዋል። ደመና የገባበትን ይጥላል፣ እያንዳንዱ ኮከብ ምን ያህል እንደበራ ቁጥር ያወጣል። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል። እያንዳንዷን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ረፋድ ላይ ሽቶ መጣ። ዶክተር ነው፣ የአለቃችን የፕሮፌሰሩ ቀኝ እጅ። ሽቶ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጠረኑ ከእሱ ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይይዛል።

"እህቴ፣ ይሄ ማጣሪያሽ አላበዛውም? የለቀምነውን ሁሉ እየጣለ እኮ ነው።"

"ሁሉን አይደለም። ከመቶ አሥራ ሁለቱን።"

"ስንት ለፍተን ያመጣነውን!"

"ለፍተህ ያመጣኸው እንክርዳድም ይጣላል።"

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ አይስቅም።

የትኛው ማጣሪያ እንዳንገበገበው አውቃለሁ። ኮከቡ የሰማዩን መካከል ሲሻገር ቴሌስኮፑ ምሰሶው ላይ ይገለበጣል። ካልተገለበጠ ከምሰሶው ጋር ይላተማል። ከተገለበጠ በኋላ ተስተካክሎ እስኪረጋ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ አርባ ደቂቃ ኮከቡ ትንሽ የደበዘዘ ይመስላል። ኮከቡ ግን ምንም አልሆነም፤ የተንገዳገድነው እኛ ነን። ስለዚህ ያን አርባ ደቂቃ እጥለዋለሁ። ይህንን ለሽቶ ስንት ጊዜ አስረዳሁት? አራት? አምስት?

ጥር 19

ሽቶ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ አሳምሮልኛል። ምን አድርጎ ይሆን?

የካቲት 3

በግድግዳው በኩል ጭብጨባ ሰማሁ። ስብሰባ እንዳለ የነገረኝ የለም። ኮሪደር ላይ ጋሼ ሰርቨርን አገኘኋቸው። ሰርቨሮቹን የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሶ "ማሽኖቹ ያለእኔ አይተኙም" ብለው የቀሩ።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ! ፕላኔት አገኛችሁ አሉ።"

"ማን አገኘ?"

"እናንተ ናችኋ!"

እናንተ። እኔ እዚያ ውስጥ አለሁ? ለነገሩ ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

የካቲት 5

ስለ ፕላኔቷ ለመጽሔት የሚላከውን ጽሑፍ ረቂቅ አየሁት። አሥራ አንድ ስም። ሁለቴ ቆጠርኩ። የእኔ የለም። ከታች በትንሽ ፊደል "ዳታው በተቋሙ ሶፍትዌር ተዘጋጅቷል" ይላል። በተቋሙ! ግድግዳው ነው የጻፈው? በሩ ነው?

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በይ እንኳ አላሉኝም።

"የኔ ልጅ፣ ኮድ መጻፍ ሌላ፣ ሳይንስ መሥራት ሌላ። ዕቃ ያቀበለ ሁሉ ስሙ ይግባ ካልን ወረቀቱ ስም ብቻ ሊሆን ነው።"

"እንግዲያው ዳታውን ልየውና ላረጋግጥላችሁ። የእኔ ማጣሪያዎች በትክክል..."

"አንቺ ኮድሽን ጻፊ። ሰማዩን ለእኛ ተዪልን።"

አጠገባቸው የቆመው ሽቶ ጫማውን ያይ ነበር። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። እሺ! ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለኝ? እቤት ስንዝር የሚረዝመው ምላስ እዚያ ሲደርስ የት ነው የሚገባው?

ማታ እቤት ስገባ እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ዓይንሽ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"ሽንኩርት ስትልጪ ዋልሽ? ተመራማሪ ሆነሽ?"

ነገርኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ "እኔ የሰፋሁትን ልብስ መንገድ ላይ ከጀርባው አውቀዋለሁ። ባለቤቱ ግን አያውቀኝም። ለምዶብኛል" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "አንቺ ግን አትልመጂ።"

የካቲት 11

 ይህን የምጽፈው በንዴት ይሁን በሳቅ አላውቅም።

ረቂቁን እንደገና አነበብኩት። ፕላኔቷ ኮከቡን የምትዞርበት ጊዜ... ሁለት ቀን ከሃያ ሦስት ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ። ኮከቡ በዚያ ልክ እየጠበቀ፣ ፕላኔቷ ፊቱን ስትሸፍነው፣ ለአርባ ደቂቃ ይደበዝዛል ይላል። አርባ ደቂቃ! 

እኛ ያን ኮከብ የምናየው በየሦስት ሌሊቱ ነው። ቴሌስኮፑን ከሌሎች ሁለት ቡድኖች ጋር ስለምንካፈል። ስለዚህ ለሦስት አካፈልኩት። ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ። ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ የምትሽከረከርበት ጊዜ ነው። ኮከብ ዛሬ የሰማዩን መካከል ተሻግሮ ነገ ተመልሶ እስኪሻገር የሚፈጅበት። ቴሌስኮፑም በተሻገረ ቁጥር ይገለበጣል።

አዲስ ዓለም አገኘን ያሉት የቆሙበትን መሬት ነው።

የለውጥ መዝገቡን ከፈትኩ። ኮዱን ማን፣ መቼ፣ የትኛዋ መስመር ላይ እንደነካ ራሱ የሚመዘግብ ነው። ጥር 8፣ አራት ሰዓት ከሩብ፦ የመገለበጫው ማጣሪያ ተዘግቷል። የዘጋው ሽቶ። ምክንያት ብሎ የጻፈው፦ "ዳታ እንዳይባክን"።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና...

ሄጄ ልንገራቸው? በሩ አሥር እርምጃ ነው። ተነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰማዩን ተዪልን አላሉም? ተውኩላቸው።

የካቲት 14

አልተናገርኩም።

የካቲት 20

መጽሔቱ መርምሮ ሳይጨርስ ለዓለም አወጁት። ሌላ ቡድን እንዳይቀድማቸው ፈርተው ነው። ፕሮፌሰሩ ቴሌቪዥን ላይ ነበሩ፤ ሰማያዊ ክራቫት። "ቡድናችን ባደረገው ትጋት..." እማዬ ድምፁን ቀነሰችው።

"ስህተት ነው ብለሽኝ አልነበር?"

"ነው።"

"ነግረሻቸዋል?"

ተነስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

"አዬ ልጄ... ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ። ማን አዋሰሽ?"

ተበሳጨሁባት። እውነቷን ስለሆነ ይመስለኛል። ዘጠኝ ቀን። በእያንዳንዱ ቀን ያ በር አሥር እርምጃ ነበር።

መጋቢት 9

ሌላ አገር ያለ ቡድን ደረሰበት። ለሦስት አካፍለው። ኢሜይላቸው አጭርና ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የሚያቃጥለው። "ምናልባት ይህ የምድር ሽክርክሪት ሊሆን ይችላል ብላችሁ አስባችኋል?"

በስድስት ሰዓት ፕሮፌሰሩ አስጠሩኝ። በሙሉ ስሜ ጠሩኝ፣ ከነአባቴ። የሚያውቁት አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ወንበር ተሰጠኝ። ውኃም ተቀዳልኝ።

የተዘጋጀ ወረቀት ሰጡኝ። "ስህተቱ የተከሰተው በረዳት ተመራማሪዋ..." ብሎ ስሜ ተጽፏል። በደማቁ። "...በተዘጋጀው ሶፍትዌር ውስጥ በነበረ ጉድለት ነው።" ከአሥራ አንዱ ስም መሐል አንድ ቦታ ያጣ ስም ለውርደቱ ሰፊ ቦታ ተገኘለት።

"ወጣት ነሽ። ወጣት ይሳሳታል፣ ዓለም ይረሳል። ለሦስተኛ ዲግሪሽ የድጋፍ ደብዳቤውን በገዛ እጄ እጽፍልሻለሁ።"

"ካልፈረምኩስ?"

"ውልሽ በሚያዝያ ያልቃል መሰለኝ።" መነጽራቸውን ወለወሉ። "እስከ መጋቢት አሥራ ሁለት አስቢበት።"

ሦስተኛ ዲግሪ። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የማስበው። ያለ እሳቸው ደብዳቤ ማን ይቀበለኛል? ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። አልቀደድኩትም። ይህንንም ልጻፈው... አልቀደድኩትም።

መጋቢት 10

ሽቶ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

"እህቴ፣ አንድ ፊርማ ናት። ፈርመሽ ትገላገያለሽ።"

"አንተ ለምን አትፈርምም? ማጣሪያውን የዘጋኸው አንተ።"

"እኔ ቤተሰብ አለኝ።"

"እኔን ዛፍ ወለደኝ?"

የደረጃውን ላይና ታች አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "መዝገቡን ደግሞ ማን ያየዋል?"

መጋቢት 11

ሰርቨሩ አላስገባ አለኝ። "የይለፍ ቃልሽ ትክክል አይደለም።" ጋሼ ሰርቨር ጋ ወረድኩ። የማሽኖቹ ጩኸት መሐል ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

"ከላይ ታዝዤ ነው፣ ልጄ። ዝጋባት አሉኝ፣ ዘጋሁብሽ። እንጀራዬ ነው።"

"መዝገቡንም?"

"እሱንም።" ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ግን እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። ያ መዝገብ ኮዱን የሚሠራ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ግልባጩ አለ አይደል?"

"አለ።"

"እና አንቺ ቤት ያለውን ማን ይዘጋዋል? እኔ ቁልፌ እዚያ አይደርስም።" አሁን አዩኝ። "በይ ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ሽማግሌ ብቻውን ያወራል።"

ሽቶ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ መሣሪያ ሠርቶ መዝገቡ አንድ ሣጥን ውስጥ ያለ መስሎታል! ሳቄ መጣ። ብዙም አልቆየ።

መጋቢት 12

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩላቸው።

"በዚህ ሙያ በር ሁሉ ይዘጋብሻል" አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"የትኛውን ከፍተውልኝ ነበር?"

ይህን ጊዜ ምላሴ ነበረ።

እቤት ሆኜ ለመጽሔቱም ለዚያ ቡድንም ጻፍኩ። ከመዝገቡ የጥር 8ን መስመር እንዳለ አያያዝኩ። ማጣሪያው ሲከፈት ፕላኔቷ እንዴት እንደምትጠፋ በግራፍ አሳየሁ። መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ "ስህተቱን የካቲት 11 ደርሼበት እስከ ዛሬ ድረስ ዝም ብያለሁ። ቂም ይዤ ነበር። ያ ዝምታ የእኔ ጥፋት ነው።"

እማዬ በትከሻዬ ላይ ታነባለች። "ይሄን ለምን ታስገቢዋለሽ? ማን አወቀብሽ?"

"መዝገቡ ውስጥ የሌለው እሱ ብቻ ነው።"

ልኬው ሳበቃ ጣቶቼ በረዶ ሆነው ነበር። እማዬ በሁለት እጇ ያዘቻቸው። 

ሚያዝያ 2

ጽሑፉ ተሰረዘ። ምክንያት፦ "በቴክኒክ ጉዳይ"። የማንም ስም የለበትም። ፕሮፌሰሩ አሁንም ፕሮፌሰር ናቸው። ሽቶ የዳታ ክፍሉ ኃላፊ ሆነ... አዎ፣ ሽቶ፣ የዳታ ክፍሉ! የእኔ የሥራ መደብ "ታጥፏል"። እንደ አንሶላ።

ከዚያኛው ቡድን አንዷ መለሰችልኝ። "ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን። አውቀሽ ዝም ማለትሽ ግን አሳዝኖናል።" ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ይገባኛል። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ለሦስት ቦታ ማመልከቻ ልኬ ነበር። ሁለቱ ከቀድሞ አለቃሽ ደብዳቤ አምጪ አሉ። ሦስተኛው አልመለሰም።

ሚያዝያ 21

የተቋሙ ሶፍትዌር አይደል? ይኑራቸው። ከባዶ እየጻፍኩ ነው። እማዬ ጨርቅ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ። ደንበኞቿ ይጠይቃሉ፦ "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" "ታበጥራለች" ትላቸዋለች። ምኑን ብለው የሚጠይቁ የሉም።

ግንቦት 25

ጨረስኩ። የፈለገ ሁሉ እንዲወስደው ክፍት አድርጌ ለቀቅኩት። ስሜ አናቱ ላይ አለ። ማን ይወስደዋል?

ሰኔ 4

ማንም።

ሰኔ 18

አንዲት የማላውቃት ሴት ጻፈችልኝ። አስተማሪ ናት፣ በትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ባለች ትንሽ ቴሌስኮፕ የምትሠራ። ሶፍትዌሬን ሦስት ሳምንት ተጠቅማበታለች። "ይቅርታ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ ግን ይህ ኮከብ ቁጥሩ አልገጠመልኝም።"

ደሜ ፈላ። ማን ነች እሷ? ሁለት ሰዓት ሙሉ የእሷን ስህተት ፈለግኩ። ካሜራዋን ጠረጠርኩ፣ ጣሪያዋን ጠረጠርኩ፣ ተማሪዎቿን ጠረጠርኩ።

ከዚያ ምስሉን አጉልቼ አየሁት። ኮከቡ አንድ አይደለም። ሁለት ናቸው፣ የተጠጋጉ፤ አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ደብዛዛ። የእኔ ኮድ ደብዛዛውን አላየውም። ብርሃኑን ለቅሞ ለደማቁ ይጽፍለታል። በሁሉም ምስል፣ ሁልጊዜ።

እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩ። የስፌት መኪናው ይጮሃል። እማዬ ቀና ብላ አየችኝና ተወችኝ።

ኮዱን ማረም እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብኝ። መዝገቡ "ምክንያት?" ብሎ ጠየቀኝ። ጻፍኩ፦ "የተጠጋጉ ኮከቦችን አንድ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። የደብዛዛውን ብርሃን ለደማቁ ሰጥቻለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው።" ያገኘችውን ሴት ስም ከላይ አደረግኩ፣ የእኔን ከሥሩ።

እንደገና አስኬድኩት። ሁለት ቁጥር ወጣ።