የሰኞ ዕለት ውሸቴ

ውድ ወንድሜ መልከጼዴቅ፣

መጀመሪያ ቁጭ በል። ባለጀልባው አንብበህ እስክትጨርስ ካጠገብህ እንዳይርቅ ለምኜዋለሁ።

ሰኞ ስትደውል ኤርፖርት ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋሁ። አባዬ እንዴት ነው ብለህ ጠየቅከኝ። ደህና ነው አልኩህ፤ ደግሞ ስቄ። ሴትዮዋ ዞረው አዩኝና ሶፍት አውጥተው ሰጡኝ። አንተ ግን ደስ ብሎህ፣ እንዲያ ከሆነማ የወፎቹ ቆጠራ ስላላለቀ ሁለት ሳምንት ልጨምር አልክ። ጨምር አልኩህ።

መልኬ፣ አባዬ እሑድ ጠዋት አርፏል። ለቤተ ክርስቲያን ለብሶ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። አልተሰቃየም።

በአጎታችን በጋሽ ይመር ላመካኝ አልፈልግም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ያሉኝ ግን ይህን ነው፦ "መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። ያውም ሰው በሌለበት ቋጥኝ ላይ፣ ዙሪያውን አትላንቲክ! ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆንስ?" ስትመለስ ዘመዶች በማለዳ ተሰብስበው ሊነግሩህ ተስማሙ። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ማክሰኞ ግን ቀብሩ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ከመርዶው አዳንነው ስንል ከአባትህ ቀብር ልናስቀርህ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስልክህን ደግሞ ከሰኞ ሰኞ እንጂ አትከፍተውም። ሄጄ መልኬን ላምጣው ስላቸው ጋሽ ይመር ተቆጡ፤ ሥርዓት አፍራሽ አሉኝ። ኦሮራ ከተማ ያለው ዘመድ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ቆመ። እኔ ረቡዕ በመጀመሪያው አውሮፕላን ከዴንቨር ተነሳሁ።

ብትቆጣኝ አልፈርድብህም። ብትሰድበኝም እችለዋለሁ። ያቃተኝ ያ ሳቄ ነው፤ ጆሮዬ ላይ እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ።

አሁን ሐሙስ ነው። ማዕበሉ እየከፋ ስለሆነ ባለጀልባው ከግማሽ ሰዓት በላይ አልቆይም ብሏል። ድንኳንህንም ዕቃህንም ተወው፤ ማስታወሻህን ብቻ ያዝና ይህን ደብዳቤ ይዞልህ በመጣባት ትንሽ ታንኳ አብረኸው ውጣ። ወፎቹ እንቁላል ላይ ስለሆኑ፣ እንደ ባለጀልባው ፈቃድ ስለሌለኝ ደሴቷ ላይ መውረድ ተከልክዬ ነው እንጂ፣ ይህን በወረቀት አልነግርህም ነበር።

ቀና ብለህ ወደ ጀልባዋ ተመልከት። ቀይ ጃኬት ለብሳ የቆመችው እኔ ነኝ። ና፤ አባታችንን አብረን እንቅበረው።

እህትህ ፋና