ከመቋሚያው የተቆረጠው ጎማ

ላሊበላ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወንዴ፣ ሐዋሳ

እንደምን አለህልኝ፣ ወንድምዓለም? የሐዋሳ ሙቀት ተስማምቶህ ይሆናል። እኛ ብርዱን ለምደነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰላምታዬ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ እንዳላረዝመው ተናድጃለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደውለህ ምን አልከኝ? «አንቺ ነርስ ሆነሽ፣ አጠገባቸው እያለሽ እንዴት ይወድቃሉ?» አልክ። የስልኩ ድምፅ ተለቆ ስለነበር አክስታችን ጽጌማርያም ሰማች፣ አባታችንም አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ። ስልክ ላይ ልመልስልህ አልችልም፤ ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ አባታችንም ዳሌያቸው ተሰበረ እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። ይህን የምጽፍልህ ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ነው። ጎረቤታችን ጋሻዬ ወደ እናንተ ስለሚወርድ ይዞልህ ይመጣል።

እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ነርስ ምን የምትሠራ ይመስልሃል? መርፌ ወግታ ቤቷ የምትገባ? የእኔ ሥራ እኮ ግማሹ፣ ሽማግሌና አሮጊት እንዳይወድቅ መለመን ነው። የደም ግፊት ክኒን የሚውጡትን «በአንዴ ብድግ አትበሉ፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ» እላለሁ። መሬት ላይ የሚጎተት ጋቢ አሳጥራለሁ፣ የአባታችንንም ጭምር። እማሆይ ወለተ ሐና ደጃፍ ላይ የተገተረውን ድንጋይ በገዛ እጄ ነቅያለሁ። ሰፈሩ «ባንችይርጋ መጣች፣ እንዳትወድቁ!» እያለ ያላግጥብኛል። ሰው ሲወድቅ ግን «እርጅና ነው» ይላሉ፣ በቃ። እርጅና! እርጅና ማንን ገፍቶ ጥሎ ያውቃል? የሚጥለው ድንጋይ ነው፣ ጨለማ ነው፣ የሚያዳልጥ ጫማ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አባታችን መቋሚያቸውን ለማኅሌት ብቻ ሳይሆን ለመንገድም ይደገፉበታል። ጫፉ ብረት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መውረጃ ደግሞ ስንት ትውልድ የረገጠው አለት ስለሆነ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ለምኜ ለምኜ፣ ጫማ ሰፊው ሙጂብ ከመኪና ጎማ ቆርጦ ጫፉ ላይ ገጠመልኝ። መጀመሪያ አባታችን «ደግሞ መቋሚያውን ጫማ ታለብሺው ጀመር?» ብለው ተቆጡኝ። ኋላ ግን ወደዱት። ከዓመት በላይ ሄዱበት፣ አንድ ቀን አልተንገዳገዱም።

አንተ ለገና መጣህ። ቤዛ ኩሉ ሲወረብ አባታችንን በስልክህ ልትቀርጽ ፈለግህና ጎማው አስጠላህ። «የለማኝ ዱላ ይመስላል» ብለህ በቢላዋ ቆርጠህ ጣልከው። እኔ ተረኛ ስለነበርኩ አላየሁም። ቪዲዮህ አማረልህ? አይቼዋለሁ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ያምራሉ። አንተ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ስትወጣ እሳቸው ሥርዓቱን ጨርሰው ይወርዱ ነበር። ብረቱ ሸርተት አለ፣ እሳቸውም አለቱ ላይ በጎናቸው ወደቁ።

ወደ ደሴ ስንወስዳቸው መቋሚያውን አይቼ «ጎማውን ማን ነቀለው?» አልኳቸው። «ወንዴ ነው» ብለው ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። ወዲያው ግን የክህነት መስቀላቸውን አወጡና «በእሱ ምክንያት መውደቄን እንዳትነግሪው ገዝቼሻለሁ። ከሰማ ደጄን በሐፍረት አይረግጥም» አሉኝ። ለጠያቂው ሁሉ «ጋቢዬ ጠልፎኝ ነው» ይላሉ። ጋቢውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ! ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ እኔን ያየኛል፤ እኔም እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ ውኃ አቀርባለሁ።

ደሴ ዳሌያቸው ላይ ብረት ገባላቸው። ሐኪሙ «ቶሎ ቆመው ካልተራመዱ ከዚህ አልጋ አይነሡም» ብሎናል። እኔ ላቆማቸው ስል «ሴት ልጄ ወገቤን ይዛ አታነሣኝም» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ምሥጋናው፣ ወንድ ነርስ ነው፣ ቤት ድረስ መጣ። «ወንድ ልጅ እያለኝ በባዕድ እጅ አልነሣም» ብለው መለሱት። በር በተንኳኳ ቁጥር «ወንዴ ነው?» ይላሉ። ጀርባቸው መቅላት ጀምሯል። የቁስል መጀመሪያ ነው፣ አውቀዋለሁ።

አንተ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር እልካለሁ ትለኛለህ። የት ልገፋው ነው? በዚህ ዳገት? ወንበርህን እዚያው ያዘው።

ግዝቱን አፍርሼ ነገርኩህ። የንስሐ አባቴ የሚሰጡኝን ቀኖና እቀበላለሁ። የነገርኩህ ቁጭ ብለህ እንድታለቅስ አይደለም፣ እንድትመጣ ነው። ሐፍረትህን ሐዋሳ ተወውና ና። ስትገባ ይቅርታ ብለህ እግራቸው ላይ እንዳትወድቅ፤ ማወቅህን ካወቁ ልባቸው ይሰበራል። «ጋቢዬ ጠልፎኝ ነው» ሲሉህ «አዎ አባባ፣ ያ ጋቢ» በላቸው። ጠያቂ ቢያማኝም ዝም በል፣ እችለዋለሁ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አድርጋቸው፣ ማዞሩ እስኪተዋቸው ታገስ፣ በብብታቸው ሥር ግባና አቁማቸው።

የአሸተን ማርያም በመንገድህ ትቅደምልህ።

እየተናደደችብህ የምትወድህ እህትህ፣
ባንችይርጋ