የሽማግሌው ጎሚኒ

ጥቅምት 6
የቤቴ ልብስ ማጠቢያ ሲጨምቅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ገና አራት ዓመቱ... ጠጋኙ መጥቶ አየው። «እህቴ፣ በርሜሉን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል። ግን በርሜሉ ተጣብቆ ነው የተሠራው፣ አይከፈትም። ሌላ ግዢ።» ማሽኑን ያመረተው ፋብሪካ፣ ንድፍ ክፍል እንደምሠራ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ጥቅምት 8
አዲሱን ንድፌን ለአለቃዬ አሳየሁ። በርሜሉ በቡሎን ይታሰራል፣ ኩሽኔታው ሲያልቅ ተከፍቶ ይቀየራል። «በመገጣጠሚያው ያፈሳላ» አለኝ። «የማያፈስ አምጪ። ካልሆነ በወሩ መጨረሻ በማጣበቁ እንቀጥላለን።» ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን ነው፣ በሞከርኩት ቁጥር የፋብሪካውን ወለል ነው ያጠብኩት።

ጥቅምት 11
እማዬ ጋ ዋልኩ። ሽማግሌው፣ የእሷ ማጠቢያ ማሽን፣ ያጥባል። ነፍሱን ይማረውና አባዬ ነው ማሽኑን የገዛውም፣ ስም ያወጣለትም። ሃያ ስድስት ዓመት... በርሜሉ በቡሎን የታሰረ ነው፣ ግን ጠብ አይልም። እንዴት? አፍጥጬበት ቀረሁ።
«ምነው ልጄ፣ ልትበይው ነው?» አለች እማዬ።
ነገርኳት። ውስጡን ሳላይ አይገባኝም። ከፈታሁት ደግሞ መመለሱን እንጃ...
«አባትሽ የገዛው እንዲጠቅም ነው። ፍቺው። በዚህ ሆዴ አይባባም።»
ሆዷ ግን ባብቷል። አየኋት።

ጥቅምት 12
ፈታሁት። ገባኝም። ውሃ የሚያግደው ጎሚኒ ጠለቅ ባለ ቦይ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ውሃው በገፋው ቁጥር ይብሱን ይደፍናል። ይህን የሳልከው ሰውዬ፣ ማንም ሁን፣ እጅህ ይባረክ።
ግን ጎሚኒው ሳወጣው ተቀደደ። አርጅቶ ደርቋል... ሱቁን ሁሉ አዳረስኩ፣ እንዲህ ያለ የሚሸጥ የለም። ለእማዬ ነገርኳት። «ምን ይደረግ፣ በእጄ አጥባለሁ» አለች። በእነዚያ በሚያሟት ጣቶች። ምን አደረግኩ?

ጥቅምት 15
የእማዬን ልብስ ተሸክሜ መጣሁ። ወፍጮዬ እየጮኸ አጠበው።

ጥቅምት 24
ቦዩን ከሽማግሌው ላይ እንዳለ ቀዳሁት፣ በልኩ። ለማሻሻል አልደፈርኩም። ጎሚኒ የሚቀርጸው ባልደረባዬ ምሳውን ትቶ ሠራልኝ፣ ውለታው አለብኝ። ቀኑን ሙሉ ሞከርነው። አለቃዬ ተንበርክኮ ወለሉን በመሀረቡ ዳበሰ። መሀረቡን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ፣ በቡሎን ይሁን።»
ተመስገን። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከደስታ። እዚያው ሳለሁ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ... ልኩ እኮ የሽማግሌው ነው። ተመልሼ ባልደረባዬን አንድ ትርፍ ጎሚኒ ለመንኩት።

ጥቅምት 26
እማዬ ጋ። አዲሱ ጎሚኒ በሽማግሌው ቦይ ውስጥ ልክክ አለ። ቡሎኖቹን አሰርኩ፣ ውሃ ሞላን። እሷ ወለሉን ታያለች፣ እኔ እሷን። ጠብ ያለ የለም። መጭመቅ ሲጀምር እንደ ድሮዋ እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች። «አባትሽ ቢያይ...» አልጨረሰችውም።
ከዚያ ዞር ብላ፣ «ያንቺስ ወፍጮ?»
«አይከፈትም እማዬ።»
«በይ ነገ ልብስሽን አምጪው፣ ሽማግሌው ያጥብልሽ።»